ከከተማ ዳር ባሉ ቁርስ ቤቶች ስንዴና ገብስ የተከለከለ ሰው ምን ይዘዝ?

ጠያቂ_ከአባዶ፦
ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። በየካ አባዶ፣ በአያት፣ በካራና በለገጣፎ በኩል ያሉትን ትንንሽ ቁርስ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ጠረጴዛው አራት አምስት፣ ጓዳው ውስጥ አንድ ቡታጋዝና አንድ ምጣድ። ሲሊያክ (ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) እንዳለበት ሐኪም ያረጋገጠለት፣ ግሉተን ጨርሶ የተከለከለ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ምን ማዘዝ ይችላል? «እንጀራ ጤፍ ስለሆነ ችግር የለውም» የሚሉ አሉ። «ከቤት ውጭ ምንም አትቅመስ» የሚሉም አሉ። ሜኑው የተለመደው ነው፦ ጨጨብሳ፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ስልስ፣ የእንጀራ ፍርፍር፣ ዱለት፣ ሽሮ፣ ፓስቲ፣ ሻይ፣ ማኪያቶ። ጓዳውን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ጓዳ_ሹም፦
ሜኑውን በስሙ ሳይሆን ጓዳ ውስጥ በሚሠራበት መንገድ ነው ማየት ያለብህ።

ጨርሶ የማይነኩትን ቶሎ ልጨርሳቸው፦ ጨጨብሳ (ቂጣው የስንዴ ነው)፣ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ፈጢራ፣ ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ፣ በሶ፣ ጭኮ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

እንቁላል፣ ስልስ፣ ፉል፣ ዱለት፣ ጥብስ፣ ድንች፣ እርጎ፣ ቡላ በተፈጥሯቸው ግሉተን የለባቸውም። እነዚህን የሚያበላሻቸው ጎረቤታቸው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጓዳው እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ባለሙያዋ ጨጨብሳውን በቅቤና በበርበሬ አማስላ ወደ ሳህን ትገለብጣለች፣ መጥበሻውን በጨርቅ ወልወል ታደርገዋለች፣ ወዲያው እንቁላል ትሰብርበታለች። ጠርዙ ላይ ተጣብቃ የቀረችው የቂጣ ፍርፋሪ እንቁላሉ ውስጥ ትገባለች፤ በርበሬ ስለነካት ከሽንኩርቱና ከቲማቲሙ ተለይታ አትታይም። ቀጥሎ የቅቤው ጣሳ አለ። ጨጨብሳ የታሸበት ማንኪያ ተመልሶ እዚያው ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ። ስለዚህ እንቁላልህን «በዘይት» ብለህ እዘዝ። ዘይት ከጀሪካን ወይም ከጠርሙስ ስለሚፈስ ማንኪያ አይገባበትም።

የእንጨት ማማሰያ ስንጥቁ ውስጥ ሊጥ ይይዛል፤ ብረት ማንኪያ ይሻላል። የተፋቀ ቴፍሎንም እንደዚያው ነው። ብረት ድስት ወይም ብረት መጥበሻ በሙቅ ውኃና በሳሙና ከታጠበ ይበቃል፤ ግን ዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ራሱ ፍርፋሪ የተሞላ መሆኑን አትርሳ፣ በደንብ በውኃ ይለቅለቅ። የተጠበሰ ድንች ከመብላትህ በፊት ዘይቱ ፓስቲና ሳምቡሳ የሚወጣበት መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። በአብዛኛው ነው።

ስለ ፉል፦ ባቄላው፣ ዘይቱ፣ ከሙኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ቃሪያው ችግር የለባቸውም። መጠየቅ ያለብህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀጥኖ ሲያስቸግራቸው በዱቄት ወይም በዳቦ ፍርፋሪ ያወፍሩታል ወይ? ሁለተኛ፣ ዳቦው የት ነው የሚቀመጠው? ልማዱ ዳቦውን ቆርጦ የፉሉ ሳህን ጠርዝ ላይ መደርደር ነው። «ዳቦው አይምጣ» ካላልክ ይመጣል፤ አስተናጋጁ አንስቶ ቢወስደው ፍርፋሪው ሳህኑ ላይ ቀርቷል። ፈጢራ በሚሠራበት ቤት ደግሞ ፉሉን ተወው። ሊጡ የሚዳመጠው ፉሉ የሚታሽበት ጠረጴዛ ላይ ወይም አጠገቡ ነው፣ የሚነሰነሰው ዱቄት ደግሞ አየር ላይ ቆይቶ ነው የሚያርፈው።

ነጭ_ጋውን፦
መጠኑን ላስቀምጥላችሁ፣ ያለዚያ «ትንሽ ምን ያደርጋል» የሚለው ክርክር አያልቅም።

«ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ ከ8 እስከ 10 ግራም የሚሆን ግሉተን አለው። አስሉት፦ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ገደማ ነው፣ በውስጡ 250 ሚሊግራም አካባቢ ግሉተን አለ። ይህ 12 ኪሎ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት ከጣሪያው ለማድረስ ይበቃል። ለአብዛኛው የሲሊያክ ታማሚ በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ጉዳት አያደርስም ተብሎ ይወሰዳል፤ 10 ሚሊግራም ማለት የሽምብራ ፍሬ የምታህል አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ ናት። ጓዳ_ሹም ስለ መጥበሻው ጠርዝ የጻፈው ማካበድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እሳት ግሉተንን አያጠፋውም። «መጥበሻው በደንብ ይግላል፣ ምንም አይተርፍበትም» የሚለው ለጀርም ይሠራል፣ ለፕሮቲን አይሠራም።

ምጣድና_እርሾ፦
ወደ እንጀራው ልምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነውና።

ጤፍ ግሉተን የለበትም፣ ይህ እርግጥ ነው። ቁርስ ቤቱ የሚያቀርብልህ እንጀራ ግን ጤፍ ብቻ መሆኑ እርግጥ አይደለም። ጤፍ ውድ ስለሆነ ይቀላቀላል፦ ሩዝ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ገብስ፣ ስንዴ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይጎዱህም፤ ገብስና ስንዴ ይጎዱሃል። ስለዚህ «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ምን ተቀላቅሎበታል? ሩዝ ነው ስንዴ?» በል። ያኔ ሰው ሳያፍር ይነግርሃል። ከዚያም በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ «እንጀራው እዚሁ ነው የሚጋገረው ወይስ ይመጣላችኋል?» በከተማው ዳር ያሉ ትንንሽ ቤቶች ብዙዎቹ ከአከፋፋይ ነው የሚረከቡት። ከመጣ፣ አስተናጋጁም ባለቤቷም የሚያውቁት ነገር የለም፤ መልሳቸው ግምት ነው።

በዓይን የሚታይ ምልክት አለ፦ ስንዴ የገባበት እንጀራ ሲስቡት ይለጠጣል። በልስላሴው ግን አይለይም፤ ጥሩ የጤፍ እንጀራም አድሮ ልስልስ ነው። መለጠጡም ብዙ የተቀላቀለበትን ለመለየት ነው የሚረዳው። ነጭ_ጋውን የጻፈውን የማንኪያ ጫፍ ዓይን አያየውም።

ንጹሕ ጤፍ ገዝተው እዚያው ለሚጋግሩትም ቢሆን ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል።

ወፍጮ ቤት፦ የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ስንዴና ገብስ ቢገባበት በወንፊት መለየት ቀላል ነው። ከተፈጨ በኋላ ግን መለያ የለውም። ከፊትህ ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ ድንጋዩም መውረጃውም ከረጢቱም ዱቄት ይዞ ይቆያል፣ የሚወጣውም የሚቀጥለው ሰው ጤፍ ላይ ነው። መፍትሔው ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ መፈለግ፣ ካልተገኘ ሌላ ሰው ጤፍ ካስፈጨ በኋላ ተራ መያዝ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ኪሎ ለብቻው ተቀብሎ ለሌላው ቤተሰብ መተው ነው። እንዲህም ሆኖ ይቀንሰዋል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

እርሾ፦ ጎረቤት የሰጠው እርሾ ስንዴ ካለበት ሊጥ የተቀዳ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቡኮዎች ላይ ይቀጥላል። ከጤፍና ከውኃ ብቻ አዲስ እርሾ ማስነሣት ነው የሚሻለው።

ምጣድ፦ ሸክላው ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፣ በሳሙና አይታጠብም። በዚያው ምጣድ ላይ አምባሻ ወይም የስንዴ ቂጣ ከተጋገረ፣ በዚያችው የማሰሻ ጨርቅም ከተወለወለ፣ እንጀራው ጤፍ መሆኑ ብቻውን አያድንም። ጨጨብሳ የሚሸጥ ቤት አንድ ምጣድ ብቻ ካለው ቂጣው የት እንደሚጋገር አስቡት።

የኔ ፍርድ፦ ሐኪም ለከለከለው ሰው የቁርስ ቤት እንጀራ አይበላም። የራሱን እንጀራ በፌስታል ጠቅልሎ ይያዝና ስልሱን ወይም ሽሮውን ብቻ ይዘዝ።

የለገጣፎ_ሰው፦
የሦስት ቀን ቡኮ ግሉተኑን ይበላዋል ሲባል እሰማለሁ። ስንዴ ቢቀላቀልም እኮ ይቦካል። ይህ ልክ አይደለም እንዴ?

ነጭ_ጋውን፦
@የለገጣፎ_ሰው ልክ አይደለም ወንድሜ። መቡካት የተወሰነውን ፕሮቲን ይቆራርጣል፣ ግን ቁርጥራጩም ሰውነትን ሊቀሰቅስ ይችላል። ተመርጠው የተለዩ ባክቴሪያዎችንና ተጨማሪ ኢንዛይም ተጠቅመው በላብራቶሪ በጣም ዝቅ ያደረጉት ተመራማሪዎች አሉ። ያ በቡሃቃ ከሚደረገው ጋር አይገናኝም። ከዚህም ሌላ የተለመደው የግሉተን መመርመሪያ የተቆራረጠውን ፕሮቲን አሳንሶ ስለሚያነብ፣ የቦካ ምግብ ላይ «የለም» የሚል ውጤት በቀላሉ አይታመንም።

ኮዬ_ማለዳ፦
ማዘዝ ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። «ግሉተን» ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። «ዳቦ አልበላም» ብትሉ ክብደት የምትቀንሱ ይመስላቸውና በደግነት ጨጨብሳ ያቀርቡላችኋል። «ስንዴ አልበላም» ብትሉ የገብስ ገንፎ ይመጣል። «ዱቄት የለበትም?» የሚለውም አይበቃም፤ ጓዳ ውስጥ ዱቄት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የፉርኖ ዱቄት ብቻ ነው።

የሚሠራው ይህ ነው፦ «ስንዴ፣ ገብስና አጃ ሐኪም ከልክሎኛል። ትንሽ ቢነካው ያመኛል።» «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ «አልወድም» ከተባለ ግን ማንም አይጨነቅም። ቀጥሎ ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለምትሠራው፦ «እትዬ፣ እባክዎ መጥበሻው በሳሙና ይታጠብልኝ፣ በዘይት ብቻ ይሥሩልኝ፣ ዳቦ አይቅረብበት።» ሦስት ነገር፣ ከዚያ በላይ አትዘርዝሩ። አሥር ነገር ከነገራችኋት የምታስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ከ1 ሰዓት በፊት መጥበሻው ገና ከታጠበበት ነው። ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ግርግር ውስጥ ቃል ቢገቡላችሁም እጃቸው ልማዱን ነው የሚከተለው። ጓዳው ክፍት ከሆነ ደግሞ እያያችሁ ብትቆሙ ነውር የለውም፤ ዳር ላይ ያሉ ቤቶች መልካምነታቸው ይኼ ነው፣ ባለቤቷን በቀጥታ ታናግሯታላችሁ።

ለመጀመሪያ ቀን ከማውቃቸው ሁሉ የሚሻለው ትእዛዝ የተቀቀለ እንቁላል ነው። በቅርፊቱ ይቀቀላል፣ በቅርፊቱ ይመጣል፣ ራሳችሁ ትልጡታላችሁ። ማንም ዱቄት የነካ እጅ አያገኘውም። ከተቀቀለ ድንችና ከእርጎ ጋር ሙሉ ቁርስ ነው።

ሰባት_ቁጥር፦
ረቡዕና ዓርብስ? እንቁላሉም እርጎውም ይቀራል።

ጓዳ_ሹም፦
የጾም ቀን ጠባብ ነው፣ ግን አይዘጋም። ጠዋት ቁርስ ለሚበላ ሰው ፉል ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ስልስ በራስ እንጀራ። ሽሮ ከታዘዘ ሁለት ነገር ይጣራ። ዱቄቱ ከየት መጣ? ቤት የተዘጋጀ ሽምብራ ወይም አተር ከሆነ ጥሩ፤ በኪሎ ተገዝቶ የመጣ ከሆነ ምን እንደተደባለቀበት ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚያው ቤት ቢዘጋጅም ጥራጥሬው የተቆላበት ምጣድ የገብስ ቆሎ የሚቆላበት ሊሆን ይችላል። ሌላው የሾርባ ኩብ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ስንዴ አለ፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። «ኩብ አይግባበት» ማለት ከማንበብ ይቀላል። በጾም ደግሞ ዘይቱ ውስጥ የሚጠበሰው ፓስቲና ሳምቡሳ ስለሚበዛ የተጠበሰ ድንች ያን ቀን ጨርሶ ይቅር።

በፍስክ ቀን ዱለት ጥሩ ነው፦ ጨጓራ፣ ጉበት፣ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ። ቅቤው ከጨጨብሳው ጣሳ እንዳይሆን ብቻ።

የሱሉልታ_መንገድ፦
ቦታውም ይለያያል ጎበዝ። በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሰንዳፋ በኩል ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ስለሚጠጋ ገብስ ይበዛል፤ ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ቂጣው ገብስ ነው፣ እንጀራ ላይም ይጨመራል። በሰበታና በዓለም ገና በኩል የበቾ ጤፍ ቅርብ ነው፤ በዱከም በኩል የአዳ ጤፍ አለ፣ እዚያ ግን ስንዴውም አብሮ ነው የሚመረተው። ይህ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ያመለክታል እንጂ የበቾ ጤፍ ቅርብ ነው ተብሎ ሳይጠየቅ አይበላም።

ሄለን_ጥያቄ፦
አጃ ግን ግሉተን የለውም ይባላል። የአጃ ቅንጬ ወይም አጥሚት ቢታዘዝስ?

ነጭ_ጋውን፦
@ሄለን_ጥያቄ እህቴ፣ እዚህ አገር አትሞክሪው። ንጹሕ አጃ ለአብዛኛው ሲሊያክ ይስማማል፤ ነገር ግን የኛ አጃ ከገብስና ከስንዴ ጋር በአንድ አካባቢ የሚበቅል፣ በአንድ አውድማ የሚወቃ ነው፣ ሳይቀላቀል አይደርስም። በዚያ ላይ በገጠሩ አጃ ተብሎ የሚሸጥ የስንዴ ዘር አለ፣ ለቅንጬም በጣም ይወደዳል። ቅንጬ ካማረሽ የበቆሎ ክክ ገዝተሽ ቤትሽ ሥሪው።

ምጣድና_እርሾ፦
አንዳንድ ቤት «የጤፍ ጨጨብሳ አለን» ይላል። ግማሹ ውሸት አይደለም፣ ግን የጤፍ ቂጣ ስለሚሰባበርባቸው ከስንዴ ዱቄት ጋር ይቀላቅሉታል። የሚሰባበረው እንደ ስንዴ ሊጥ አጥብቀው ስለሚያቦኩት ነው። ጤፍ የሚያያይዘው ግሉተን የለውም፤ ቀጭን ሊጥ ሆኖ መፍሰስ አለበት። ለሁለት ሰው አሠራሩ ይኸው፣ ደንበኛችሁ ለሆነች ባለሙያም ንገሯት፦

2 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 ኩባያ ለብ ያለ ውኃ። ውኃውን በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ መበጥበጥ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፤ ዱቄቱ ውኃውን ሲጠጣ ስለሚወፍር ከማንኪያ እንደ እርጎ እስኪወርድ ድረስ ውኃ መጨመር። በማይጣበቅ ንጹሕ መጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት አፍስሶ መክደን። ላይኛው ፊቱ እርጥበቱ ሲጠፋና ጠርዙ ሲነሣ (ሦስት ደቂቃ ገደማ) መገልበጥ፣ ሌላ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ፊቱ ሳይደርቅ ከተገለበጠ ከመሃል ይቆረጣል፤ እሳቱ ከበዛ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

መቆራረስ በትኩሱ ነው፣ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ። ከቀዘቀዘ በኋላ ከቆረሱት ዱቄት ይሆናል። ቅቤውን (3 የሾርባ ማንኪያ፣ ለብቻው ከተቀመጠ ዕቃ) ቀድሞ ማቅለጥ፣ እሳቱን ቀንሶ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ መጨመር፣ ሽታው ሲወጣ ወዲያው አውርዶ ቂጣውን መጣል። በርበሬው በከባድ እሳት ካረረ ይመርራል። ከስንዴው ይልቅ ቅቤ ቶሎ ይጠጣል፣ ስለዚህ ግማሹን ቅቤ መጨረሻ ላይ ማፍሰስ ይሻላል። ማር የሚወድ ካለ ማሩ ከጋራው ዕቃ አይቀዳ።

ዱካ_በርጩማ፦
ከመጠጥ ረሳችሁ። ሻይ ምንም የለበትም። ቡና እዚያው ተቆልቶ ተወቅጦ ሲፈላ ካያችሁ ጥሩ፤ ተፈጭቶ በመጣ ቡና ላይ ግን የተቆላ ገብስ ሊደባለቅ ይችላል። ጁስ ቤት ደግሞ በሶ በሙዝ የሚመታበት ብሌንደርና አቮካዶ የሚመታበት አንድ ነው፣ ታጥቦም ከምላጩ ሥር ይቀራል። ማኪያቶ ስታዙ ማንኪያዋን እዩ፣ ዳቦ የበላ ሰው ስኳር ዕቃው ውስጥ የነከራት ትሆናለች። ከቡናው ጋር የሚመጣው ቁርስ ፈንዲሻ ከሆነ ብሉ፤ ቆሎ ከሆነ ሱፉንና ሽምብራውን መርጦ መብላት አይሠራም፣ ገብሱ አብሮት ነው ያደረው።

ሰባት_ቁጥር፦
ሐኪም ጋ ሳይሄዱ ሆዳቸውን ስለነፋቸው ብቻ ስንዴ የሚያቆሙ ሰዎችስ? እነሱም እንዲህ ይጨነቁ?

ነጭ_ጋውን፦
መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ሳያቆሙ። የደም ምርመራው (ቲቲጂ አይጂኤ) የሚያየው ሰውነት ለግሉተን የሰጠውን ምላሽ ነው፤ ለሳምንታት ካቆሙ በኋላ ቢመረመሩ በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ለምርመራው ብሎ ተመልሰው እንዲበሉ ያዛል፣ ይህ ደግሞ ለታመመ ሰው ከባድ ነው። ሲሊያክ ካልሆነ ዳቦና ጨጨብሳ መተው ሊበቃቸው ይችላል፣ ስለ መጥበሻ ጠርዝ አይጨነቁም። ሲሊያክ ከሆነ ግን ባይታመሙም ትንሹ አንጀት ይጎዳል፤ «በላሁት፣ ምንም አልሆንኩም» ማስረጃ አይደለም።

ጠያቂ_ከአባዶ፦
እግዜር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ጠርቷል። አንድ የቀረኝ፦ የራስን እንጀራ ይዞ መግባት ቅር አያሰኛቸውም? ፍርፍር እንዲያደርጉልኝ ብሰጣቸውስ?

ኮዬ_ማለዳ፦
ቅር አይላቸውም፣ ስልሱንና ሻዩን እስካዘዝክ ድረስ። ስትገባ ለባለቤቷ ንገራት፣ ከኪስ አውጥቶ በድብቅ መብላት ነው የሚያስቀይመው። ለፍርፍር ግን እንጀራህን ወደ ጓዳ አትላክ። መቁረጫ ሰሌዳው ላይ ዳቦ ተቆርጦበታል፣ ድስቱም ቀድሞ ፍርፍር የተሠራበት ነው። ስልሱን በታጠበ ድስት፣ ቀጠን አድርገው፣ ሙቅ ሆኖ በጎድጓዳ ሳህን ያምጡልህ። እጅህን ታጠብና ጠረጴዛው ላይ ራስህ ቆርሰህ ጨምርበት፣ ሁለት ደቂቃ ከድነህ ተወው። እንጀራው ያደረ ቢሆን ይሻላል፣ ትኩስ እንጀራ ስልስ ውስጥ ይላቁጣል። እንጀራውን በላስቲክ ከጠቀለልክ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው፤ ጠረጴዛው ላይ ገልጠህ አታስቀምጠው፣ ከአጠገብህ የሚቆረሰው አምባሻ ነው።